ከነተሳቢ ወደ ጅማ፦ ገብታችሁ የምትወጡበትን ማደያ አመራረጥ

ማደያው ናፍጣ ስላለው ብቻ ለተሳቢ መኪና ይመቻል ማለት አይደለም። ከአዲስ አበባ ጅማ ድረስ ባለው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ብዙዎቹ ማደያዎች የተሠሩት የቤት መኪና፣ ሚኒባስና አይሱዙ ታስበው ነው። አይሱዙ ግቢው ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ወዲያ ወዲህ ብሎ ይወጣል። 18 ሜትር የሚደርስ ሳቢና ተሳቢ ግን እንዲህ አይሆንለትም። ጠባብ ግቢ ገብቶ ከኋላው ሰልፍ ከተደረደረበት፣ ከፊቱም አጥር ከገጠመው ግማሽ ቀን እዚያው ነው። ተሳቢውን ፈትቶ፣ ሳቢውን አዙሮ፣ ሌላ መኪና ለምኖ እስኪያስጎትት ድረስ ጭነቱም ሰውም ይንገላታል።

ይህን የምጽፈው ከአይሱዙ ወይም ከነጠላ መኪና ወደ ተሳቢ ለተሸጋገሩ ሹፌሮች፣ ከሹፌሩ እኩል ኃላፊነት ለሚሸከሙ ረዳቶች፣ እንዲሁም መኪናቸውን ወደ ጅማ መስመር ለሚልኩ ባለንብረቶች ነው። የምለው አንድ ነገር ነው፤ ማደያ የሚመረጠው በመውጫው ነው። መግቢያውን ማንም ያየዋል።

ለምን መውጫው?

የነዳጅን የመሸጫ ዋጋ የሚወስነው መንግሥት ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ ኖክም ቅዱ፣ ቶታልም፣ ኦላም፣ የተባበሩትም፣ የናፍጣው ዋጋ ያው ነው። ከከተማ ከተማ የሚታየውም ልዩነት የማጓጓዣው ርቀት የሚያመጣው ነው። ስለዚህ ርካሽ ፍለጋ ከማደያ ማደያ መዞር የሚያተርፈው ነገር የለም። ማደያዎችን የሚለያያቸው ግቢያቸው ነው።

የተሳቢውንም ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። እኛ አገር በብዛት የሚሠራበት ተሳቢ ከፊት የሚዞር የራሱ አክስል አለው፤ በመጎተቻው ብረት ከሳቢው ጋር ይያያዛል። ስለዚህ የሚታጠፈው ሁለት ቦታ ላይ ነው፦ አንዱ ሳቢው ኋላ መንጠቆው ጋ፣ ሌላው ተሳቢው ፊት አክስሉ ጋ። ወደፊት ስትነዱ ሁለቱም ተስተካክለው ይከተሏችኋል። ወደኋላ ስትሉ ግን መጎተቻው ብረት ወደ አንድ ጎን ሲሄድ የተሳቢው አካል ወደ ሌላው ይሸሻል፤ አንዱን ለማቃናት መሪ ስትጠመዝዙ ሌላው ይበላሻል። ጥቂት ሜትር ሳይሄድ ተሳቢው ጎኑን ሰጥቶ ይቆማል። ፊቱ ሳቢው ላይ የሚቀመጠው ሴሚ ትሬለር የሚታጠፈው አንድ ቦታ ብቻ ስለሆነ የሠለጠነ ሹፌር ሰፊ ቦታ ካገኘ ይመልሰዋል። በሙሉ ተሳቢ ግን ማደያ ውስጥ ወደኋላ የመመለስ ሐሳብ ከነጭራሹ ይቅር። ወደፊት ገብታችሁ ወደፊት የማትወጡበት ማደያ፣ ናፍጣ ቢትረፈረፍበትም፣ ለእናንተ ማደያ አይደለም።

መጀመሪያ መኪናችሁን ለኩ

መንገድ ሳትጀምሩ ሦስት ነገር እወቁ።

ርዝመቱን በእርምጃ እወቁት። ሜትር ይዞ ማደያ ለማደያ የሚዞር ሰው የለም፤ እርምጃ ግን ሁልጊዜ አብሯችሁ አለ። የአዋቂ ሰው መደበኛ እርምጃ 75 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ 18 ሜትር የሆነ ሳቢና ተሳቢ 24 እርምጃ ይሆናል ማለት ነው። ረዳቱ ከሳቢው አፍንጫ እስከ ተሳቢው ጭራ አንዴ ይራመደውና ቁጥሩን ይያዘው። ማደያ ላይ ከፓምፑ እስከ መውጫው ያለውን ሲራመድ የሚያነጻጽረው ከዚህ ጋር ነው።

ከፍታውን ደግሞ ከነጭነቱ ለኩት። ባዶ መኪና የሚያልፍበት ጣሪያ ሸራ ተወጥሮበት ጭነቱ ያበጠ መኪና ላያሳልፍ ይችላል። በተለይ ፍራሽ፣ ፕላስቲክ ዕቃ፣ ገለባ የመሳሰለውን ቀላልና ከፍ ያለ ጭነት የያዘ ሰው በዚህ ይጠንቀቅ። ከፍታውን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ጋቢና ውስጥ ከመሪው በላይ ለጥፉት። አንዳንድ ማደያ የጣሪያውን ከፍታ ጽፎ ያስቀምጣል፤ ካልጻፈ የምታዩት በዓይናችሁ ሳይሆን በረዳታችሁ ነው፤ እሱ ወርዶ ከጎን ይቁም፣ እናንተ በእርምጃ ፍጥነት ግቡ። ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለ መብራትና ማስታወቂያ ከጣሪያው ራሱ ዝቅ እንደሚል አትርሱ።

ሦስተኛው የነዳጅ ታንከራችሁ ያለበት ጎን ነው። ግራ ነው ቀኝ? ሁለት ታንከር ያለው መኪና ከሆነስ የሚያገናኛቸው ቱቦ አለ ወይስ ለየብቻ ነው የሚቀዱት? ይህ ፓምፑን በየትኛው ጎን ይዛችሁ እንደምትገቡ ይወስናል። ጎኑ ከተሳሳተ መፍትሔው መዞር ነው፤ ለእናንተ ደግሞ መዞር የለም።

ቀጥሎ ሒሳቡ

የተጫነ ተሳቢ በአንድ ሊትር 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል ብላችሁ አስሉ። አዲስ ሞተር ከዚህ ይሻላል፣ የደከመ ደግሞ ያንሳል፤ የመኪናችሁን ልክ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። በዚህ ሒሳብ ከአዲስ አበባ ጅማ ለመድረስ 175 ሊትር ያስፈልጋል፤ ደርሶ መልስ 350 ሊትር። 400 ሊትር የሚይዝ ታንከር ያለው ሰው ወረቀት ላይ ደርሶ ይመለሳል። መንገድ ላይ ግን ሰልፍ አለ፣ ዳገት አለ፣ ሞተር እንደተነሣ መቆም አለ፤ ያን ሁሉ 50 ሊትር አይሸፍነውም።

ስለዚህ ደንባችሁ ይህ ይሁን፦ ማደያ መፈለግ የምትጀምሩት ጌጁ ግማሽ ላይ ሲደርስ ነው። ብዙ ሰው ሩብ እስኪሆን ይጠብቃል። ግማሽ ላይ ያለ ሹፌር ጠባብ ማደያ ሲያይ «ይለፈኝ» ብሎ ይሄዳል፤ ቀዩ ላይ የደረሰ ሹፌር ግን ያገኘው ውስጥ ሁሉ ይገባል። ጠባብ ግቢ ውስጥ የሚታሰረው ደግሞ ይኸው ነው። ጌጁም ቢሆን ዳገትና ቁልቁለት ላይ እውነቱን አይናገርም፤ ናፍጣው ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል ቀስቱም አብሮ ያጋድላል። የምታነቡት ሜዳ ላይ ስትቆሙ ይሁን።

ናፍጣ ጨርሶ ማለቅ ከቤንዚን መኪና የባሰ ጣጣ አለው። መስመሩ አየር ይይዛል፤ ጀሪካን አምጥቶ መሙላት ብቻ አያስነሣውም፣ የእጅ ፓምፑን እየተጫኑ አየሩን ማውጣት ያስፈልጋል። በጀሪካን መሸጥም ቁጥጥር ያለበት ነገር ስለሆነ «ቢያልቅ በጀሪካን አመጣለሁ» የሚል ዕቅድ አትያዙ።

መስመሩ ላይ የት ይቀዳል?

አዲስ አበባ ውስጥ ከባድ መኪና በቀን የሚንቀሳቀስበት ሰዓት የተገደበ ስለሆነ ከተማ መሀል ለመቅዳት አትድከሙ። ታንከሩን የምትሞሉት ወጣ ስትሉ፣ በዓለም ገናና በሰበታ በኩል ነው። ነገር ግን እስከ አፉ አትሙሉት። ሰበታ ደጋ ናት፤ ጠዋት የተቀዳ ናፍጣ ቀዝቃዛ ነው። ቀድታችሁ ብዙ ሳትነዱ ፀሐይ ላይ ብትቆሙ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይበዛል። 400 ሊትር ናፍጣ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ቢጨምር ከ6 ሊትር በላይ ይሰፋል። ጢም ካለ ታንከር ያ ትርፍ በክዳኑ በኩል አስፋልት ላይ ይፈስሳል፤ ገንዘብም ነው፣ ከኋላ ለሚመጣው ሞተረኛ ደግሞ መንሸራተቻ ነው። አራት ጣት ያህል ክፍት ተዉለት።

ከዚያ ቱሉ ቦሎ፣ ወሊሶና ወልቂጤ አሉ። ወሊሶ ከአዲስ አበባ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወልቂጤ ደግሞ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኔ የምመክረው ወልቂጤን ነው፤ ምክንያቱም ከወልቂጤ በኋላ ጅማ እስክትደርሱ ትልቅ ከተማ የለም። ሰኮሩ፣ አሰንዳቦና ሰርቦ ያርፉባቸዋል፣ ምሳ ይበላባቸዋል፤ የተሳቢ ነዳጅ ዕቅድ ግን በትንሽ ከተማ ማደያ ላይ አይመሠረትም። ባለው ፓምፕ ላይ ናፍጣ ካለቀ ወይም መብራት ከጠፋ አማራጭ የላችሁም። ወልቂጤ ላይ ታንከሩ ከግማሽ በታች ከሆነ እዚያው ጨምሩ።

ወልቂጤ ከ1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ተነሥታችሁ ግቤ ድልድይ ስትደርሱ 1,100 ሜትር አካባቢ ትሆናላችሁ፤ ከዚያ ወዲያው ዳገቱ ይጀምራል። እዚህ ላይ ከነዳጅ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ናፍጣ ለመቆጠብ ብላችሁ ግቤን በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ አውጥታችሁ፣ አትውረዱ። የተጫነ ተሳቢ በፎሌ ሲለቀቅ የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ ነው፤ ፍሬን ደግሞ በተደጋጋሚ ሲረገጥ ይግላል፣ ሲግል መያዙን ይተዋል። ቁጠባውም ቢሆን የለም፤ የዛሬ ሞተሮች ማርሽ ውስጥ ሆነው፣ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው አንሥታችሁ ስትወርዱ ናፍጣ መርጨታቸውን ያቆማሉ። በፎሌ የሚወርደው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ይረጫል። ስለዚህ ከባድ ማርሽ፣ የሞተር ፍሬን፣ ትዕግሥት።

ከመድረሳችሁ በፊት ደውሉ

ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ዘዴ ነው። ማደያዎች ነዳጅ የሚያመጣላቸው ቦቴ ራሱ ትልቅ መኪና ነው። ከነተሳቢው የሚመጣ ቦቴ ገብቶ፣ ራግፎ፣ ወደኋላ ሳይመለስ የሚወጣበት ማደያ እናንተንም ያስወጣችኋል። ቦቴው ተሳቢውን ውጭ ፈትቶ ወይም አስፋልት ዳር ቆሞ የሚያራግፍበት ማደያ ከሆነ ግን ነገሩ አለቀ፤ አትግቡ።

ስለዚህ በየከተማው አንድ ሁለት ማደያ ስልክ ያዙ፣ አንድ ሰዓት መንገድ ሲቀራችሁ ረዳቱ ይደውል፦

«ጤና ይስጥልኝ እህቴ፣ እንዴት ዋላችሁ? ከነተሳቢ ነን፣ ወደ እናንተ እየመጣን ነው። ናፍጣ አለ?»

«አለ፣ ኑ።»

«እግዜር ይስጥልን። ቦቴያችሁ ሲመጣ በየት ገብቶ ነው በየት የሚወጣው? ተሳቢውን ሳይፈታ ነው?»

«በላይኛው በር ይገባል፣ በታችኛው ይወጣል። ሳይፈታ ነው።»

«ዛሬ የቤንዚን ሰልፉ መውጫውን ይዘጋዋል?»

ሦስቱ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። ናፍጣ መኖሩን ብቻ ጠይቆ ስልክ መዝጋት ግማሽ ሥራ ነው። ቦቴ እየራገፈ እንደሆነ ከነገሯችሁም ቸኩላችሁ አትሂዱ፤ ቦቴ ሲራገፍ በማደያው ታንከር ውስጥ የተኛው ዝቃጭና ውኃ ይነሣል። እስኪረጋ ሻይ ጠጡ። የውኃ መለያው ፊልትሮ በኋላ ያመሰግናችኋል።

ሰላምታውን አታሳጥሩት። ከሰኮሩ ወዲያ በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» ብሎ የጀመረ ረዳት ዘበኛው ራሱ ሰልፉን ገለል አድርጎ ያስገባዋል። ዕድሜያቸው ለገፋው ዘበኛ «አባቴ» ማለትም ያው ነው፤ ግቢውን ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፣ የትኛው ተሳቢ የት ላይ እንደተያዘ አይተዋል።

ደርሳችሁ፦ አትግቡ፣ ቁሙ

ማደያው ጋ ስትደርሱ ወዲያው መሪ አትጠምዝዙ። ከመግቢያው አለፍ ብላችሁ አስፋልቱን ለቃችሁ የአደጋ መብራት አብርታችሁ ቁሙ። ረዳቱ ይውረድ። የሚያየውም በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦

ከመውጫው ይጀምር። ከፓምፑ እስከ መውጫው በር ስንት እርምጃ አለ? ከበሩ ውጭስ ምን አለ፦ ቦይ፣ የመብራት ምሰሶ፣ የቆመ ባጃጅ፣ የአስፋልቱ መሀል ግንብ? የተሳቢ ጭራ ሳቢው የሄደበትን መንገድ አይከተልም፣ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ስለዚህ መውጫው ላይ ወደ ቀኝ የምትታጠፉ ከሆነ በቀኝ በኩል ያለው ነገር ሁሉ በተሳቢው ጎማ መንገድ ላይ ነው።

ከዚያ የቦዩን ክዳን ይመልከት። ጅማ መስመር ዝናቡ ብዙ ስለሆነ በአስፋልትና በማደያ መካከል ቦይ አለ፤ በላዩ ላይ ኮንክሪት ወይም ብረት ተዘርግቷል። ረዳቱ ወርዶ በእግሩ ይቁምበት፣ ጎንበስ ብሎ ጠርዙን ይይ። ኮንክሪቱ ጠርዝ ላይ ተሸርፎ ውስጡ ያለው ፌሮ ዝጎ ብቅ ካለ፣ ወይም መሀሉ ላይ ከዳር ዳር የሚሄድ ስንጥቅ ካለ፣ ወይም ሲረገጥ ከሥሩ የሚንኳኳ ድምፅ ካለው፣ የቤት መኪና ቢያሳልፍም የተጫነ አክስል አያሳልፍም። ስንጥቁ ውስጥ አዲስ ጭቃ ገብቶ ከሆነ በቅርቡ የተንቀሳቀሰ ነው። ይህን ማየት ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። የተሳቢ የኋላ ጎማ ቦይ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ክሬን ነው የሚጠራው።

ቀጥሎ መሬቱን። ግቢው አስፋልት ወይም ኮንክሪት ካልሆነ ከሰኔ እስከ መስከረም ጥርጣሬ ይኑራችሁ። በተለይ ፓምፑን አልፋችሁ ወደ መውጫው ያለው ቦታ፣ መኪና ስለማይበዛበት፣ ሣር ለብሶ ደረቅ ይመስላል፤ ሥሩ ጭቃ ነው። ረዳቱ በተረከዙ ይርገጠው።

መጨረሻ ላይ ጣሪያውንና ሰልፉን ይይ። የቤንዚን ሰልፍ የባጃጅና የሞተር ስለሆነ ይጠማዘዛል፤ የናፍጣ ፓምፕ ነፃ ሆኖ ሳለ መውጫው በባጃጅ የተዘጋበት ማደያ ብዙ ነው። ከመግባታችሁ በፊት ተራ አስከባሪውን ወይም ዘበኛውን አነጋግሩና መውጫው ክፍት ይሁን። ከገባችሁ በኋላ ባጃጁ ሰልፉን ላለመልቀቅ አይነቃነቅም፤ እውነት አለው፣ ከንጋት ጀምሮ ነው የቆመው።

ረዳቱ ተመልሶ «ይወጣል» ካለ ግቡ። «ይመስለኛል» ካለ እለፉ። ለዚህ ነው ጌጁ ግማሽ ላይ እያለ መጀመር የሚያስፈልገው።

አገባብና አወጣጥ

በሄዳችሁበት አቅጣጫ በቀኝ በኩል ያለውን ማደያ ምረጡ። በግራ ያለው ላይ ለመግባትም ለመውጣትም መንገዱን ማቋረጥ አለባችሁ፤ 18 ሜትር መኪና ሲያቋርጥ ሁለቱንም አቅጣጫ ይዘጋል፣ ከኩርባ በኋላ ወይም ከቁልቁለት ሥር ከሆነ ደግሞ የሚመጣው መኪና አያያችሁም። ለመሄጃ አንድ፣ ለመመለሻ ሌላ ማደያ ያዙ።

ስትገቡ ሰፋ አድርጋችሁ ግቡ፤ ሳቢው ፓምፑ ጋ ሲደርስ ተሳቢው ከኋላው ቀጥ ብሎ መሰለፍ አለበት። ተሳቢው ጎብጦ ከቆመ ስትነሡ ወደ ፓምፑ ይስባል። ብዙ ፓምፕ ካለ ከዳር ያለውን ያዙ፤ በሁለት ፓምፖች መካከል ያለው መተላለፊያ ለእናንተ አይደለም።

ሞተር አጥፉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፤ መሬቱ ትንሽም ቢሆን ካዘነበለ ረዳቱ ጎማው ሥር ታኮ ያድርግ። ጋቢና ውስጥ የበራ ቡታ ጋዝ ወይም ከሰል ካለ ከመግባታችሁ በፊት ይጥፋ። ቡና ማፍላት ከማደያ ወጥተን ነው።

ክፍያውን ሰልፍ ላይ ሆናችሁ አዘጋጁ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ክፍያ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለሆነ ጥሬ ብር ይዞ መምጣት አያስቀዳም። ቴሌብርም ሲቢኢ ብርም ይኑራችሁ፤ አንዱ ኔትወርክ ሲያስቸግር ሌላው ይሠራል። 200 እና 300 ሊትር የሚቀዳ ሰው ሒሳቡ ትልቅ ነው፤ ባለንብረቶች፣ እባካችሁ ገንዘቡን ሹፌሩ ወልቂጤ ሳይደርስ አስገቡለት። ፓምፕ ላይ ቆሞ «እየላኩልህ ነው» የሚባል ሹፌር ከኋላው ያለውን ሁሉ ያስቆማል። የምትሰጡት ሰሌዳ የሳቢው ነው፤ ተሳቢው የራሱ ሰሌዳ ስላለው ቀጂዋ ከኋላ አንብባ እንዳትመዘግብ ንገሯት።

ቀድታችሁ ስትወጡ ችግር የሚፈጠረው ፓምፑን ሳቢው እንዳለፈ መሪ በመጠምዘዝ ነው። ሳቢው አለፈ ማለት ተሳቢው አለፈ ማለት አይደለም። የተሳቢው የመጨረሻ አክስል የፓምፑን መቆሚያና የብረት ምሰሶውን እስኪያልፍ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ፤ ከዚያ ብቻ ታጠፉ። ረዳቱ በፓምፑ በኩል፣ በስፖኪዮ በምታዩት ቦታ ይቁም። ካላያችሁት ቁሙ። ምልክታችሁን አስቀድማችሁ ተስማሙበት፤ እጅ ወደላይ ከሆነ መቆም፣ በመዳፍ መጥራት ከሆነ መምጣት። «ና ና ና» እያለ የሚጮህ ረዳት ከሞተሩ ድምፅ ጋር አይሰማም።

ጅማ ከተማ ውስጥ

ጅማ ስትደርሱ መሀል ከተማ ያሉትን ማደያዎች እርሷቸው። ፈረንጅ አራዳ፣ መርካቶና መናኸሪያው አካባቢ መንገዱ በባጃጅ የተሞላ ነው፤ ተሳቢ ማጠፊያ የለውም። ሐሙስ ደግሞ የሂርማታ ገበያ ቀን ነው፤ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ ሐሙስ ነው፣ ዛሬም ከየገጠሩ ሰውና እንስሳ ይጎርፋል። ሐሙስ ጠዋት በገበያው በኩል ከነተሳቢ ማለፍ ለእናንተም ለገበያተኛውም ጥሩ አይደለም።

ከተማ ዳር፣ በአዲስ አበባ መግቢያ በኩል ባሉት ቅዱ፤ ወይም ጭነቱን ካራገፋችሁ በኋላ ተሳቢውን መጋዘኑ ግቢ ትታችሁ ሳቢውን ብቻ ይዛችሁ ሂዱ። ይህ ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያስበው መንገድ ነው። ማራገፊያው ጋ ተሳቢው ሜዳ ላይ፣ በታኮ፣ ዘበኛ ባለበት ከቆመ፣ ሳቢው ብቻውን ማንኛውም ማደያ ይገባል። መፍታትና ማሰር ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን ለማራገፍ ሲባል እንዲሁም ቆማችኋል።

ቡና በሚለቀምበት ወቅት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ ከጅማ የሚነሣው ጭነት ስለሚበዛ የናፍጣ ሰልፉም ይረዝማል። በዚያ ወቅት ለመመለሻ የሚሆነውን በደረሳችሁበት ማታ ቅዱ፤ ጠዋት ጭናችሁ፣ ሸራ አስራችሁ፣ ከፍ ብላችሁ ሰልፍ ከመያዝ ባዶ ሆናችሁ መቅዳቱ ለግቢውም ለጣሪያውም ይቀላል። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የባጃጁ ሰልፍም ይሳሳል። በጨለማ ከሆነ ግን የቦዩን ክዳን በባትሪ ሳታዩ አትግቡ።

የመኖሪያ ተሳቢ ለሚጎትቱ

ከውጭ መጥተው ቤት የተሠራበት ተሳቢ በፒካፕ ወይም በላንድክሩዘር እየጎተቱ ካፋና ጅማን የሚጎበኙ ሰዎችን የምታጅቡ አስጎብኚዎች፣ ከላይ ያለው ሁሉ ለእናንተም ይሠራል፤ ሦስት ነገር ብቻ ልጨምር። የእናንተ ተሳቢ የሚታጠፈው አንድ ቦታ ስለሆነ ወደኋላ መመለስ ይቻላል፤ ግን አጭር ስለሆነ ቶሎ ይጎብጣል፣ በጣም በዝግታ ይሁን። ከፍታው የሚለካው ጣሪያው ላይ ያለውን ማቀዝቀዣና መስኮት ጨምሮ ነው። በጋዝ የሚሠራ ፍሪጅና ምድጃ ካለ ደግሞ ማደያ ሳትገቡ ሲሊንደሩ ይዘጋ፤ ፍሪጁ ውስጥ ያለችው ትንሽ ነበልባል ከውጭ አትታይም።

ከጅማ ወዲያ የምትቀጥሉ

በቦንጋ በኩል ወደ ሚዛን የምትሄዱ ጅማ ላይ ሙሉ። ሰቃ ጨቆርሳንና ሸቤን አልፋችሁ ጎጀብ ትወርዳላችሁ፣ ከዚያ ወደ ቦንጋ ዳገት ነው፤ መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ የሊትር ሒሳባችሁን በ2 ኪሎ ሜትር ሳይሆን ከዚያ አሳንሳችሁ ያዙ። በአጋሮ በኩል ወደ በደሌ የምትሄዱም እንዲሁ፤ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅም ከተማዋ ዋናው መንገድ ላይ የተጨናነቀች ናት፣ ከነተሳቢ ለመቅዳት አትቁጠሩባት። በሁለቱም መስመር ከጅማ ከመነሣታችሁ በፊት ከዚያ የተመለሰ የተሳቢ ሹፌር ፈልጉና አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ የትኛው ማደያ ነው ሳይፈታ የሚያስወጣው? የነገራችሁን ከነከተማው፣ በየት ተገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ ከማደያው ስልክ ጋር ጋቢና ውስጥ ባለው ደብተር ጻፉት፤ ቀጣዩ ሹፌር ሲጠይቃችሁም ከዚያው አንብቡለት።